የሰርግ ጨርቅ የለበሰች ክፍል

በዚህ ከተማ ከኔ የባሰ ሞኝ ካለ አምጡልኝ፤ ለልጁ ሰርግ ድንኳኑን በነጻ እተክልለታለሁ። እኔ ማለት ቤት የሌላት አንዲት አሮጊት ቤት እንዲሰጣት ብዬ ስደክም ውዬ፣ ቤት እንዳይሰጣት ያደረግሁ ሰው ነኝ። በተንኮል ያደረግሁት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ተንኮለኛ ቢያንስ ጭንቅላት አለው ይባላል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ፣ በገዛ ጨርቄ፣ የገዛ ሶፋዬን በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያደረግሁት።

ሥራዬ እንጅባራ ውስጥ የሰርግ ዕቃ ማከራየት ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ሶፋ፣ ከጀርባቸው የሚንጠለጠል መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሁሉም አለኝ። ለቅሶ ሲሆንም ያው ድንኳን ነው የሚሄደው፤ አበባው ብቻ ቤት ይቀራል። ሰዎች "የዲኮሩ ሰውዬ" ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ፤ ባለቤቴ ግን "ጨርቅ ሰቃይ" ነው የምትለኝ። የሙያው ምስጢር ቀላል ነው። ግድግዳው ጭቃ ይሁን፣ ቀርከሃ ይሁን፣ የተሰነጠቀ ብሎኬት ይሁን፣ ነጭ ጨርቅ ከሰቀልህበት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። ስንት ሙሽራ በረት ውስጥ ተድራለች መሰላችሁ፤ በረት መሆኑን የምናውቀው እኔና ላሟ ብቻ ነን።

እትዬ የምላቸው ሴት ጎረቤታችን ነበሩ። ከቤታችን ቀጥሎ ካለው ግቢ፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለብቻቸው ይኖራሉ። የመጡት ከጥርባ በኩል ነው። ባላቸው ሲሞቱ መሬቱ ከባል ወንድሞች ጋር ጭቅጭቅ ሆነባቸው፣ ልጅ አልነበራቸውም፣ ጭቅጭቅ ደግሞ አይወዱም፤ ገብስ መቁያ ብረት ምጣዳቸውን ይዘው ወደ ከተማ ገቡ። ቆሎ ቆልተው መናኸሪያ በር ላይ ይሸጣሉ። ሲናደዱ በአዊኛ ነው የሚናደዱት፣ ሲያዝኑም በአዊኛ ነው የሚያዝኑት፤ አማርኛቸውን ለገበያና ለኔ ቀልድ ነበር የሚያስቀምጡት።

ክፍላቸው ከቀርከሃና ከጭቃ የተሠራች ናት። ቆርቆሮዋ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በወንፊትነትም ማንም አይበልጣትም። እንጅባራ ውስጥ ደግሞ ዝናብ እንግዳ ሳይሆን ተከራይ ነው፤ ያውም ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ ተከራይ። እትዬ ቀዳዳዎቹን እንደ ጎረቤት ያውቋቸው ነበር። ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይተው አልጋቸውን ይገፋሉ፣ ሳፋቸውን ይደቅናሉ። ጠዋት በአጥር ላይ ሆኜ፦

"እትዬ፣ እንዴት አደሩ?" ስላቸው፦

"ደህና ነኝ፤ አልጋዬ ብቻ መንገድ ላይ ናት። ማታ በሩ ጋ ነበረች፣ አሁን ጓዳ ገብታለች" ይሉኛል።

ጓዳ የሚባል እንኳ የላቸውም። አንድ ክፍል ናት እኮ።

ታዲያ ያቺም ክፍል ልትሄድ ሆነ። የግቢው ባለቤት አርጅተው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ግቢውን አፍርሰው ሊሠሩበት ወሰኑ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዩኒቨርሲቲው ከመጣ፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ከበዛ ወዲህ በከተማው ጓሮ የቀረ የለም፤ ጎመን የነበረበት ሁሉ የኪራይ ክፍል ሆኗል። ልጆቹ ራሳቸው መጥተው፣ እጅ ነስተው፣ "እትዬ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ይቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቦታ ይፈልጉ" አሏቸው። እትዬም መርቀው ሸኟቸው። ከዚያ ቤት መፈለግ ጀመርን። ማንም አያከራያቸውም። ብቻቸውን ስለሆኑ "ቢታመሙ ማን ያስታምማቸዋል?" ይላሉ፤ ቆሎ ስለሚቆሉ "ጭሱ ግድግዳዬን ያጠቁረዋል" ይላሉ። የሚያከራይ ሲገኝ ደግሞ የሚጠራው ዋጋ ለኔም የሚከብድ ነው። እሳቸው ሲመሻሽ ቆሎ ሽጠው የሚመለሱት ሰው የሚያድርባቸውን በረንዳዎች አልፈው ነው። አንድ ቀን "እነዚያ በረንዳ ላይ ካርቶን የሚያነጥፉት ለካ መጀመሪያ ቤት ነበራቸው" አሉኝ። ቀልድ ፈለግሁና አጣሁ።

በዚህ መሃል ነው የክልሉ የቤት ዕቅድ የመጣው።

ዕቅዱን የሰማሁት ተጋብዤ እንዳይመስላችሁ። አዳራሹን ያስጌጥሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሩም የኔ ነው። ከባሕር ዳር የመጡ ሰዎች ግድግዳ ላይ ስዕል እያሳዩ ያስረዳሉ። ገቢ ያላቸው በማህበር ተደራጅተው መሬት ያገኛሉ፤ ምንም ለሌላቸው ደግሞ መንግሥት ራሱ ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው ቤቶችን በረድፍ እየሠራ ያስገባል፤ እዚህ እንጅባራ ይጀመራል፣ ዳንግላ ይቀጥላል፣ ከዚያ ሌላው ከተማ። ስዕሉ ሲያምር! ቤቶቹ ተደርድረዋል፣ ዛፎቹ ለምልመዋል፣ አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ ይንሸራሸራል። በስዕሉ ላይ ጭቃ የለም። ዝናብም የለም። እንጅባራን የሳላት ሰው እንጅባራን በበጋ ያያት ይሆናል ብዬ ከመድረኩ ጀርባ ስስቅ፣ ተንሸራቶ የወረደ ጨርቅ በመርፌ እያያዝሁ፣ ተናጋሪው "ኮሚቴው ቤት ለቤት ሄዶ በዓይኑ አይቶ ይመርጣል" ሲል ሰማሁ።

መርፌውን አፌ ውስጥ እንደያዝሁ ነው ወደ እትዬ የሮጥሁት።

"እትዬ፣ ቤት ሊሰጥ ነው! ሰዎች መጥተው ያዩዎታል!"

መጀመሪያ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቀጥሎ ዘጉት። ክፍሏን ዞር ብለው አዩአት፤ ጥቁሩን ግድግዳ፣ ሳፋውን፣ የተላጠውን ጭቃ።

"እዚህ? እንግዳ? ከባሕር ዳር ድረስ የመጣ ሰው እዚህ ላስገባ? ኧረ እኔ ሞቼ ነው!"

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በኛ ሰፈር እንግዳ የአንድ ሰው አይደለም። ሽማግሌ ሊመጣ የተባለበት ቤት ካለ የሰፈሩ ዕቃ ሁሉ እዚያ ቤት ይገባል፤ ከአንዱ ብርጭቆ፣ ከሌላው አልጋ ልብስ፣ ከሌላው መቀመጫ ዱካ። እኔ ራሴ በሰው ቤት የራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ "እንዴት ያለ ጥሩ ወንበር ነው" ብዬ አመስግኛለሁ፤ ባለቤቱም "አዎ፣ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው" ብሎኛል። ይኸ ውሸት አይባልም። ጨዋነት ነው። ጎረቤቱን በሰው ፊት አዋርዶ የሚያስቀምጥ ሰው እሱ ነው ነውረኛ።

ሌላም ሐሳብ ነበረን፤ ሁላችንም ያመንነው። ቤት የሚሰጠው ቤት መያዝ ለሚችል ሰው ነው አልን። የመንግሥት ሰዎች መጥተው ጥቀርሻና ሳፋ ካዩ "ይቺ አዲሱንም ቤት ታበላሸዋለች" ይላሉ፤ ንጹሕና ያማረ ካዩ ግን "ይቺስ ቤት ይገባታል" ይላሉ። አሁን ስጽፈው የእብድ ወሬ ይመስላል። ያኔ ግን አንድም ሰው "ኧረ ተው" ያለ አልነበረም። ባለቤቴ ብቻ መጋረጃውን እያየች "አልበዛም?" ብላኝ ነበር። እሷም ያለችው ቀለሙን ነው።

"ሲበዛ ነው የሚያምረው" አልኋት።

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ጠዋት ተነሥቼ ሥራዬን ጀመርሁ። ጣሪያውን በነጭ ጨርቅ አለበስሁት፤ እየተጣጠፈ ከመሃል ወደ ጥግ የሚወርደውን፣ ለሀብታም ሰርግ ብቻ የማወጣውን። ግድግዳውን በወተት ቀለም ሸፈንሁት። ወለሉ ላይ ቀዩን ምንጣፍ አነጠፍሁ። የሙሽራ ሶፋው በበሩ አልገባም ሲል በሩን ነቀልሁት፤ ስመልሰው ማጠፊያው ተሰበረብኝና በሩ ከዚያ በኋላ ተደግፎ ነው የኖረው። ባለቤቴ የዓመት በዓል ብርጭቆዎቿን አመጣች። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ቴሌቪዥኗን ሰጠችን፤ መብራት የሚሰካበት ስለሌለ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጥግ ላይ አበባ አቆምሁ።

እትዬ ነጠላቸውን አጥበው ለብሰው ደጅ ቆመው ነበር። ስጨርስ ይግቡ አልኋቸው። ገቡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ቀና አሉ፣ ዞር አሉ፣ ጨርቁን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

"የት ልቀመጥ?" አሉኝ።

በራሳቸው ቤት እኮ ነው። ያኔ ሳቅሁ፤ አሁን ስትመጣብኝ ከሁሉም የምትከብደኝ ያቺ ጥያቄ ናት።

ከዚያ የቀረን ዝናቡ ብቻ ነበር። ሰማዩ ከዘንገና ሐይቅ በኩል ጠቁሯል። ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ያለው ወንፊት ትዝ እያለኝ "ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ" እያልሁ ለመንሁ። ባለቤቴም ለመነች፣ ባለ ቴሌቪዥኗም ለመነች። ያን ሰሞን በየቀኑ ሲዘንብ የነበረው ሰማይ ተከፍቶ ፀሐይ ወጣች። እኔም አንጋጥጬ አመሰገንሁ። ስለት ሰምሮልኝ አያውቅም፤ ይኸኛውን ግን ሰማኝ።

ኮሚቴው ሁለት ሰው ነበር። አንደኛው የቀበሌያችን ሰው፣ ከጫግኒ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ገና ስላላገባ የኔን ዕቃ አያውቅም። ሁለተኛዋ ከክልሉ የመጣች ባለሙያ፣ ጨዋ የሆነች ልጅ፣ ታብሌት ይዛለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ምንጣፉን አዩ፤ ተያዩና ጫማቸውን አወለቁ። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ቤት የሌለው ሰው ቤት ሊያይ የመጣ ኮሚቴ ጫማውን ሲያወልቅ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ ግን ለባለቤቴ ጠቀስኋት።

"እንዴት ያምራል!" አለች ልጅቷ። ከልቧ ነው።

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ቆሎ አቀረቡ። ልጅቷ ታብሌቷን ከፍታ፦

"እናቴ፣ እንግዲህ ችግርዎን ይንገሩን። ቤቱ ምን ችግር አለበት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ እትዬ።

"ማለቴ… ያፈሳል? ይበርዳል?"

እትዬ ወደኔ አዩ። ከዚያ ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ቀና ብለው አዩ። እኔን ማሳጣት ሆነባቸው መሰለኝ።

"ምን ይሆናል ልጄ፤ እንዳያችሁት ነው። ብሉ እንጂ፣ ቆሎው ትኩስ ነው።"

"የሚበላስ? የሚለበስስ ይቸግርዎታል?"

"ተመስገን፤ ምን ጎደለኝ። ዘገን አድርጊ እንጂ፤ ምነው አንቺ ልጅ፣ ባሕር ዳር ቆሎ አይበላም?"

ልጅቷ ሳቀች፣ ዘገነችም። አንዲት የጥርባ ሴት ቤቷ የመጣን እንግዳ ቆሎ እያበላች "ችግረኛ ነኝ" ትላለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ እሱ ከሌላ አገር የመጣ ነው። መጀመሪያ ተመስገን ይባላል። ችግሩ የሚወራው እንግዳው በሦስተኛው ቀን ሊሄድ ሲነሳ፣ አጥር ጥግ ላይ፣ በጆሮ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ሌላ ብዙ ቤት ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ ልጅቷ "የሚደግፍዎት ዘመድ፣ ልጅ አለዎት?" ብላ ጠየቀች።

እትዬ "ልጅስ አል…" ብለው ሲጀምሩ እኔ፣ ምላሴን ምነው በቆረጠው፣ ደረቴን መትቼ፦

"ምን ማለት ነው! እኔ አለሁ አይደል! ልጃቸው ነኝ!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና "እውነቱን ነው፤ ልጄ ነው። ይኸን ሁሉ ያደረገልኝ እሱ ነው" አሉ። የቀበሌው ሰው አንገቱን ነቀነቀ። ልጅቷ ታብሌቷን ነካ ነካ አደረገች። ሲወጡ እጄን ጨብጣ "ጋሼ፣ እንደርስዎ ያለ ልጅ ለሁሉም እናት ይስጥልን" አለችኝ። ያን ቀን ከመኩራቴ የተነሣ በሩ ይጠበኝ ነበር፤ ጥሩነቱ በሩን ነቅዬዋለሁ።

ከሄዱ ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ መጣ። ያን የተለመነበትን ሁሉ ይዞ ነው የመጣ። የጣሪያው ጨርቅ ውኃ እየያዘ፣ እየያዘ፣ እንደ ላም ጡት ተንጠለጠለ። "አውርደው፣ አውርደው" እየተባባልን ስንጯጯህ ተቀደደና ሶፋው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ እኔ ራስ ላይ ተዘረገፈ። እትዬ ሳፋቸውን ይዘው ቆመው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኛም ሳቅን። እንዲህ የሳቅንበት ቀን አልነበረም። ጨርቁ ላይ የዝገት ውኃ ቡናማ ነጠብጣብ ጣለበት፤ በምንም ሳሙና አልለቀቀም።

የተመረጡት ሰዎች ስም ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተነበበ። እትዬ ማልደው ሄደው ከፊት ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር እትዬ ዞር ብለው የተጠራውን ሰው "እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" ይላሉ። ተነቦ አለቀ። ሰው መበተን ጀመረ። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም።

"ሳይጠሩኝ ነው ወይስ ሳልሰማ ነው?" አሉኝ።

"አልጠሩዎትም እትዬ።"

"እሺ" አሉ። የቆሎ ጣሳቸውን አንሥተው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ገበያ አላመለጣቸውም ያን ቀን።

እኔ ወደ ቢሮ ገባሁ። የቀበሌው ሰው ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ።

"ጋሼ፣ በሰላም ነው?"

"ምን ሰላም አለ! እትዬን ለምን ዘለላችኋቸው?"

"የትኛዋን እናት? ቤታቸው የሚያምረውን?"

"የሚያምረው ቤታቸው አይደለም። ዕቃው የኔ ነው፤ የኪራይ ዕቃ ነው!"

"ታዲያ ልጃቸው አይደሉ? የልጅ ዕቃ የእናት ነው።"

"ልጃቸው አይደለሁም!"

ሳቀ። "ጋሼ ደግሞ፤ እናትዎን በዚህ ፍጥነት ካዱ?"

የቀልደኛ ሰው ቅጣቱ ይኸ ነው። አንድ ቀን ከልብህ ስታወራ የሚያምንህ የለም። እንባዬ ሲመጣ ካየ በኋላ ነው መሳቁን ያቆመ። ልጁ ክፉ አይደለም። ጃንጥላውን ይዞ፣ በዚያ ዝናብ፣ ተከትሎኝ መጣ። እትዬ የሉም፤ መናኸሪያ ናቸው። የተደገፈውን በር ገፋ አድርጎ ገባ። ሳፋው ሞልቶ እየፈሰሰ ነበር። ቀና ሲል አንዲት ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈች። ጃንጥላውን ቤት ውስጥ ዘረጋው።

"ጋሼ፣ ምነው ያኔ እንዲህ አድርጋችሁ ባሳያችሁን?"

እንግዳ ስለሆናችሁ ነው ልበለው?

"ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፣ የጠየቀው ሰው ብዙ ነው" አለ። "ደግሞ በረንዳ የሚያድሩትን ነው ያስቀደምነው። የተሰጣቸውን አይተዋል፤ ከአንዱ ላይ ቀንሰህ ስጥ ቢሉኝ ከማን ላይ ልቀንስ?"

እውነቱን ነው። የተጠሩትን አይቻቸዋለሁ። አንዷ ልጅ አዝላ ነበር፤ አንዱ በክራንች ነበር የቆመ። ከነሱ ቀንሰህ ስጥ የሚል አንደበት የለኝም።

"ዕቅዱ በምዕራፍ የተከፈለ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ እሳቸውን አስቀድሜ አስገባለሁ።"

"መቼ ነው ሁለተኛው ምዕራፍ?"

"በጀት ሲለቀቅ።"

ክረምቱ ወጣ። የግቢው ልጆች ቃላቸውን ጠብቀው ቆይተዋልና ምን ይባላሉ። አፍራሾቹ መጥተው የእትዬን ግድግዳ ሲገፉት ወዲያው ተኛ፤ በጉልበት ሳይሆን በልማድ ቆሞ ነበር መሰለኝ። እትዬ ሳፋቸውንና ብረት ምጣዳቸውን ይዘው በኔ ግቢ በኩል ቆመው አዩት። በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም።

ቤቴ ጠባብ ነው፤ ከነልጆቼ ተደራርበን ነው የምናድረው። ባለቤቴ "ሳሎን እናንጥፍልዎት" ብትላቸው "የሰው መተላለፊያ አልዘጋም" አሉ። የቀረኝ ዕቃ የማስቀምጥበት መጋዘን ነበር። እዚያ አስገባኋቸው። በወንበር ክምርና በአበባ መሃል፣ ያን ዝናብ የፈሰሰበትን የሙሽራ ሶፋ አልጋ አድርገውት ኖሩ። መስኮት የለውም፤ ቢሆንም አያፈስም። አንድ ቀን የፕላስቲክ አበባዎቹ ላይ ውኃ ሲረጩ ደረስሁ።

"እትዬ፣ ይኸ እኮ ውኃ አይፈልግም፤ ፕላስቲክ ነው።"

"አውቃለሁ፤ አቧራውን ላጥብላቸው ብዬ ነው። መታደል ነው እኮ፤ ሳይጠጡ፣ ሳይበሉ፣ የትም ቢያስቀምጧቸው ያው ናቸው" አሉ።

መጋዘን ውስጥ ግን ቆሎ አይቆላም። ጨርቁ ጭስ ይጠጣል፤ ሙሽሮች ደግሞ ጭስ ጭስ የሚል መጋረጃ አይከራዩኝም። እኔ አልከለከልኋቸውም፤ አንዲት ሙሽራ መጋረጃውን ስታሸት አይተው ራሳቸው ተዉት። ቆሎውን ሲተዉ መናኸሪያ መሄድም ተዉ። ሰርግ በመጣ ቁጥር ሠራተኞቼ ዕቃ ሲያወጡ ከተኙበት ተነሥተው ደጅ ይቆሙ ነበር።

የቤቶቹ ቁልፍ ሲሰጥ ድንኳኑን የተከልሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ። ነጭ ጨርቅ አንሶኝ ያን ባለ ነጠብጣቡን አወጣሁት፤ ቆሻሻውን ወደ ጀርባ አዙሬ ሰቀልሁት። እትዬ "እኔም ልይ" ብለው ተከትለውኝ መጡ። ንግግሩ ሲካሄድ ከኋላ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ሲያልቅ ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ሲሄድ እሳቸው ወደ አንዱ ቤት ተጠጉ፤ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

"ብሎኬት ነው" አሉኝ። "ደረቅ ነው።"

ልጅ ያዘለችዋ ሴት በሩን ስትከፍት አየቻቸው። "ይግቡ እንጂ እናቴ፣ ባዶ ነው እንጂ" አለች። እትዬ ገብተው፣ ቆመው፣ መርቀዋት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። አንድ ቀን የአንድ ሙሽራ ቤተሰቦች ሶፋ ሊመርጡ መጥተው መጋዘኑን ስከፍት እትዬ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። ደንግጠው ተነሡ፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሰዎቹን "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ነው" አሏቸው። ይቅርታ ለመኗቸው! ሰዎቹ ሶፋውን አልመረጡም። በነጋታው እትዬ ዳንግላ የእህታቸው ልጅ እንዳለች፣ ናፍቃቸው እንደሆነ ነገሩኝ። የዚያችን ልጅ ስም ጠርተው አያውቁም ነበር። ሳፋቸውን ለባለቤቴ ትተው፣ ብረት ምጣዳቸውን ይዘው ተነሡ፤ በባጃጅ መናኸሪያ ወሰድኋቸው። የለመዷት በር ላይ፣ ቆሎ ይሸጡባት የነበረችው ቦታ ላይ፣ ሌላ ሴት ቆሎ ትሸጣለች። ገዙላትና ለኔ ሰጡኝ። "ቀማሽ ሁን እስቲ፤ ያረረ ነው አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ አርሯል አልኋቸው። አላረረም ነበር።

ወራት አለፉ። ዳንግላ ሰርግ አግኝቼ መኪና ጭኜ ስሄድ ፈለግኋቸው። የእህታቸው ልጅ ቤት ደረስሁ፤ ልጅቷ አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖር፤ "ቤተ ክርስቲያን ናቸው" አለችኝ። ሄድሁ። ቅጥሩ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"አንተ ጉድ! ማን አገባ ደግሞ?"

ተሳሳምን። አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁ።

"ምነው እዚህ? ቅዳሴው አልቋል እኮ።"

"የልጅቷ አከራይ ሁለት ሰው አይወድም። ላንድ ሰው ነው ያከራየሁ ይላል። ቀን እዚህ እውላለሁ፤ ሲመሽ እንግዳ ነኝ ብዬ እገባለሁ። ጠዋት እንግዳዋ ትሄዳለች።" ሳቁ። "ይኸው እስከ ዛሬ እንግዳ ነኝ። አንድም ቀን ግን ሶፋ ያመጣልኝ የለም።"

መሳቅ አቃተኝ። የቀበሌውን ሰው ገና ሰሞኑን እንደጠየቅሁት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ዳንግላም እንጅባራም ይጀመራል እንዳለኝ፣ በጀቱ ብቻ እንደቀረ ነገርኋቸው። ኮሚቴ ሲመጣ አንድም ጨርቅ እንደማልሰቅል፣ አፌን በፕላስተር አሽጌ እንደምቀመጥ ማልሁላቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። እጄን ያዙኝ፤ መዳፋቸው እንደ ድሮው የምጣድ ጠባሳ አለበት።

"አንተ አትዘን" አሉኝ። "ያን ቀን ቤቴ አምሮ ነበር፤ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል። ብቻ አንድ ነገር አደራህን። ስሞት ድንኳኑን የምትተክለው አንተ ነህ፤ በነጻ እንደምትተክለውም አውቃለሁ። አዲሱን እንዳታመጣ። ያን ቤቴ ውስጥ የተቀደደውን ጨርቅ አምጣልኝ። ዝናብ ከሆነ ለቀስተኛው ላይ ይፍሰስበት። ምነው ይኸ ድንኳን ብለው ሲጠይቁህ፣ እንዳትቀልድ፤ ቤቷ እንዲህ ነበር በላቸው።"